በሲ የተጻፈ አሮጌ የዩዝኔት ማንበቢያ፦ የጥገና ማስታወሻ

ይህ ማስታወሻ በሲ ቋንቋ የተጻፈ፣ በተርሚናል ብቻ የሚሠራ አንድ አሮጌ የዩዝኔት (በርእስ በተከፋፈሉ ቡድኖች ጽሑፍ የሚለዋወጡበት የቆየ የኢንተርኔት መድረክ) ማንበቢያ ሲጠገን የተያዘ ነው። ፕሮግራሙ የ1990ዎቹ ነው፤ ዋና ጸሐፊው ከተወው ቆይቷል። ተጠቃሚዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ግን ትተውት አልሄዱም። ከእነሱ መካከል ስክሪኑን በድምፅ አንባቢ የሚከታተሉ ዓይነ ስውራን አሉ፤ ከጽሑፍ በቀር ምንም የሌለበት ንጹሕ ስክሪን ለእነሱ ምትክ የለውም። ባለ32 ቢት ላፕቶፕ ላይ የሚያሄዱት አሉ፤ በራስበሪ ፓይ (አርም ፕሮሰሰር ባለው ትንሽ ኮምፒውተር) የሚያሄዱትም አሉ። ሥራው የተጀመረው በሁለት ደንብ ነው፦ ጣታቸው የለመደው ቁልፍ አንድም አይነካም፤ የተነበበውን የሚመዘግበው የኒውስአርሲ ፋይልም ቅርጹ አይለወጥም። የቀረው ሁሉ ይቀየራል።

ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የማስታወሻው ቀኖች ግን የእኛው ናቸው። የባይት ዋጋዎች በተለመደው የአሥር ቤት ቁጥር ተጽፈዋል።

ጥቅምት 4፦ ኮዱን መገንባት

ኮዱን ወደ ፕሮግራም በሚቀይረው ኮምፓይለር በጂሲሲ 14 ለመገንባት ሲሞከር ገና የመጀመሪያው ፋይል ላይ ቆመ። በ2024 የወጣው ይህ እትም ሳይታወጅ የተጠራን ፈንክሽን እንደ ቀድሞው በማስጠንቀቂያ አያልፍም፤ ስህተት ነው ብሎ ያቆማል። ማስጠንቀቂያውን የሚያፍን አማራጭ ጨምሮ መቀጠል ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። እዚህ ግን አያዋጣም። ያልታወጀ ፈንክሽን ኢንት እንደሚመልስ ይቆጠራል፤ ኢንት 32 ቢት ነው። የሚመልሰው ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ከሆነ በባለ64 ቢት ማሽን ላይ የአድራሻው ላይኛ ግማሽ ተቆርጦ ይቀራል። ፕሮግራሙ ይገነባል፣ ይነሳል፣ ትልቅ ቡድን ሲከፈት ይወድቃል፤ ምክንያቱንም ለማግኘት ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፈንክሽን ማወጃዎች በሚቀመጡበት በሄደር ፋይሉ ትክክለኛ ማወጃ ተጻፈለት። አሰልቺ ሥራ ነው፤ አቋራጭ የለውም።

ቀጥሎ የተገነቡትን ፋይሎች አንድ ላይ የሚያያይዘው ሊንከር «ይህ ቫሪያብል ብዙ ቦታ ተፈጥሯል» እያለ አስቸገረ። በድሮው ልማድ ግሎባል ቫሪያብሎች ሄደር ፋይል ውስጥ «ኤክስተርን» ሳይባሉ ይቀመጡ ነበር፤ ኮምፓይለሩም ሁሉንም አንድ አድርጎ ያልፍ ነበር። ከጂሲሲ 10 ወዲህ ግን ይህ ቀርቷል። በሄደሩ ላይ ኤክስተርን ተጨምሮ እውነተኛው ቫሪያብል በአንድ የሲ ፋይል ብቻ ተቀመጠ።

በጂሲሲ 15 ደግሞ ሌላ መጣ። ይህ እትም ካልተነገረው በቀር የሲ23ን ደረጃ ይከተላል፤ በዚያ ደረጃ «ቡል» የቋንቋው ቁልፍ ቃል ስለሆነ አሮጌው ኮድ ራሱ ቡል ብሎ የሰየመውን ዓይነት አይቀበልም። ባዶ ቅንፍ ያለው ማወጃም «ምንም አይቀበልም» ማለት ሆኗል፤ ድሮ ግን «ምን እንደሚቀበል አልተነገረም» ማለት ነበር። ለጊዜው የግንባታ ትእዛዞቹን የያዘው ሜክፋይል የሲ17ን ደረጃ በግልጽ እንዲጠይቅ ተደርጓል። ማወጃዎቹ ተሟልተው ሲያልቁ ይህ ይነሳል።

ጥቅምት 6፦ ራስበሪ ፓይ ላይ የማይታየው ስህተት

የሜሞሪ አጠቃቀምን በሚመረምረው አድራሻ ሳኒታይዘር ተገንብቶ ሲሄድ፣ አንድ አማርኛ ጽሑፍ እንደተከፈተ ከወሰን ውጭ የሆነ ንባብ ተያዘ። ቦታው «ይህ ባይት ክፍተት ነው ወይ?» ብሎ በራሱ ሠንጠረዥ የሚፈልገው የፕሮግራሙ ፈንክሽን ነው። በተለመደው ፒሲ ላይ «ቻር» አሉታዊ ዋጋ ይይዛል፤ 225 የሆነው ባይት −31 ሆኖ ይነበብና ከሠንጠረዡ በፊት ወዳለ ቦታ ይሄዳል። በአርም ሊነክስ ላይ ቻር አሉታዊ ስለማይሆን ራስበሪ ፓይ የሚጠቀሙት ይህን አይተውት አያውቁም። ወደ ፈንክሽኑ የሚገባው ሁሉ አስቀድሞ «አንሳይንድ ቻር» እንዲሆን ተደረገ። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ማስተካከያ በሁለቱም ማሽን ላይ ሳይሞከር አይገባም።

ጥቅምት 9፦ ፖርት 563

ፕሮግራሙ የሚያውቀው ፖርት 119ን ብቻ ነው፤ የመለያ ስምና የይለፍ ቃል ሳይመሰጠሩ ያልፋሉ። በዚህ መንገድ የይለፍ ቃል የማይቀበል ሰርቨር 483 ብሎ ይመልሳል፤ መጀመሪያ ግንኙነቱ ይመስጠር ማለቱ ነው። አሮጌው ኮድ ቁጥሩን ስለማያውቀው «የይለፍ ቃሉ ተሳስቷል» ይል ነበር፤ ተጠቃሚውም ትክክለኛውን ቃል ደጋግሞ ሲጽፍ ይውላል። አሁን እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ መልእክት አለው። 480 ሲመጣ ስም ይላካል፤ 381 ሲመለስ የይለፍ ቃል ይላካል፤ 281 ገባ ማለት ነው፤ 481 ስሙ ወይም ቃሉ ተሳስቷል፤ 482 ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል።

በ2017 የወጣው አርኤፍሲ 8143 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት ደረጃዎች የሚወጡበት ሰነድ ነው) የሚመክረው ከመጀመሪያው ባይት ጀምሮ የተመሰጠረውን ፖርት 563ን ነው። ኮዱ ጥሩ ጎን አለው፦ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደውና የሚመጣው ሁሉ በሁለት ፈንክሽኖች ብቻ ያልፋል። የምስጠራ ላይብረሪው ኦፕንኤስኤስኤል ከእነዚህ ከሁለቱ ሥር ገባ፤ ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው የምስጠራ ደንብ ስሪት ቲኤልኤስ 1.2 ሆነ። ሦስት ነገሮች ግን ጊዜ ወሰዱ።

አንደኛው የሰርቨሩን ስም በሰላምታው ውስጥ መላክ ነው። ይህ ካልተደረገ በአንድ አድራሻ ብዙ ስም የሚያስተናግድ ሰርቨር የሌላውን ስም ሰርተፊኬት (የማንነት ማረጋገጫ) ይሰጣል። ሁለተኛው፣ ሰርተፊኬቱ በታመነ ተቋም መፈረሙን ማረጋገጥ ብቻውን በቂ አይደለም፤ በላዩ ያለው ስም ከተጠራው ሰርቨር ስም ጋር መመሳሰሉም መጣራት አለበት። ከኦፕንኤስኤስኤል 1.1.0 ጀምሮ ለዚህ አንድ ጥሪ ይበቃል፤ ከዚያ በፊት የተጻፉ ፕሮግራሞች ውስጥ ግን ይህ ማጣሪያ ብዙ ጊዜ ጭራሽ የለም።

ሦስተኛው ከሁሉም አስቸጋሪ ነበር። ፕሮግራሙ አንዳንድ ጊዜ ግማሽ ጽሑፍ አሳይቶ ይቆማል፤ ቁልፍ ሲነካ ወይም ሰርቨሩ ግንኙነቱን ሲዘጋ ይቀጥላል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ አሮጌው ኮድ «ሶኬቱ (የኔትወርክ ግንኙነቱ) ላይ የሚነበብ አለ ወይ?» ብሎ በሲስተሙ በኩል ይጠብቃል። ኦፕንኤስኤስኤል ግን አንድ ሙሉ የተመሰጠረ ጥቅል አንስቶ ፈትቶ በራሱ ቋት (ጊዜያዊ ማከማቻ) ይዞታል። ሶኬቱ ባዶ ነው፣ ቋቱ ሙሉ ነው፣ ፕሮግራሙ የሚጠብቀው ሶኬቱን ነው። መፍትሔው ሶኬቱን ከመጠበቅ በፊት የኦፕንኤስኤስኤልን ቋት መጠየቅ ነው።

አሮጌውን እትም ለጊዜው መተው ለማይችሉት ስታነል የሚባለው አስተላላፊ ፕሮግራም ይበቃል። በራሳቸው ማሽን በ127.0.0.1 ላይ ፖርት 1119ን ይከፍታል፣ ወደ ሰርቨሩ ፖርት 563 መስጥሮ ያስተላልፋል፤ ፕሮግራሙም ሰርቨሩ እዚያው ማሽን ላይ ያለ መስሎት ይሠራል። በስታነል ማዋቀሪያ ውስጥ የሰርተፊኬት ሰንሰለቱና የሰርቨሩ ስም እንዲጣሩ መጠየቅ መዘንጋት የለበትም፤ ካልተጠየቀ መስጠሩን ያደርጋል፣ ከማን ጋር እንደሚነጋገር ግን አያጣራም።

ጥቅምት 12፦ ባዶው ሳጥን

የማይዛመዱ ውይይቶች አንድ ላይ ተሰብስበው ይታያሉ የሚል አቤቱታ የቆየ ነው። ዛሬ ተፈታ።

የአንድን ቡድን ዝርዝር ለማምጣት «ኦቨር» የሚለው ትእዛዝ ይላካል፤ ሰርቨሩ 224 ብሎ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ መስመር ይሰጣል። መስመሩ በታብ የተለያዩ ስምንት ሳጥኖች አሉት፦ ቁጥር፣ ርእስ፣ ጸሐፊ፣ ቀን፣ የጽሑፉ መለያ፣ ማጣቀሻ፣ የባይት ብዛት፣ የመስመር ብዛት። አዲስ ውይይት የሚከፍት ጽሑፍ ማጣቀሻ የለውም፤ ስለዚህ እዚያ ቦታ ሁለት ታቦች ተከታትለው ይቀመጣሉ። ኮዱ የሚከፋፍለው «ስትርቶክ» በሚባለው የሲ ፈንክሽን ነው፤ እሱ ደግሞ የተከታተሉ ታቦችን እንደ አንድ ይቆጥራል። ውጤቱ፦ የባይት ብዛቱ ማጣቀሻው ሳጥን ውስጥ ይገባል። በባይት ብዛት የተገጣጠሙ ሁለት አዳዲስ ውይይቶች የአንድ የጠፋ ጽሑፍ ልጆች መስለው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ባዶ ሳጥንን የሚያከብረው «ስትርሴፕ» ተተካበት፤ ችግሩ ጠፋ።

በዚሁ ቀን ሌላ ትንሽ ነገር ታየ። ባዶ ቡድን ሲከፈት ሰርቨሩ ለምሳሌ «211 0 4000 3999» ብሎ ይመልሳል፤ ከፍተኛው ከዝቅተኛው በአንድ ያንሳል፣ አርኤፍሲ 3977 የሚመርጠውም አገላለጽ ይህ ነው። አሮጌው ኮድ ከ3999 ላይ 4000ን አሉታዊ በማይዝ ቁጥር ሲቀንስ 4,294,967,295 ያገኝና ያን ያህል ቦታ ሊይዝ ይሞክራል። ከመቀነስ በፊት ማወዳደር ገባ። የጽሑፍ ቁጥር ጣሪያ በዚያው ደረጃ 2,147,483,647 ስለሆነ ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር የላከ ሰርቨር አሁን በግልጽ መልእክት ይታለፋል።

ጥቅምት 15 እስከ 19፦ ፊደላችን በስክሪኑ ላይ

ከሁሉ በላይ ጊዜ የተሰጠው ለዚህ ነው፤ የሚገባውም ነበር። ፕሮግራሙ ዩቲኤፍ-8ን (የዓለምን ፊደላት የሚይዘው የዩኒኮድ ደረጃ በባይት የሚጻፍበትን መንገድ) ይደግፋል ተብሎ ተጽፏል፤ የፈረንሳይኛና የጀርመንኛ ጽሑፍ በአመዛኙ በትክክል ያሳያል። አማርኛ ሲከፈት ግን ስክሪኑ በጥያቄ ምልክት ይሞላል፤ በአንዳንድ ተርሚናል ላይ ደግሞ መስመሮች እርስ በርስ ይደራረባሉ።

ለማስረዳት ከባይቱ መነሳት ያስፈልጋል። የግእዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ላይ ሲገባ የተሰጠው መሠረታዊ ክልል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱን ፊደል በሦስት ባይት ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 225 ነው። ሁለተኛው ከ136 እስከ 141 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ሦስተኛው ከ128 እስከ 191 ነው። ለምሳሌ ሰ 225፣ 136፣ 176 ነው፤ ሰላም ዘጠኝ ባይት ይወስዳል።

አሁን ፕሮግራሙን እንይ። ከኔትወርክ የመጣ ጽሑፍ ተርሚናሉን እንዳያዝ ተብሎ ከ128 እስከ 159 ያሉት ባይቶች እየተለቀሙ በጥያቄ ምልክት ይተካሉ፤ በቀድሞው ባለስምንት ቢት ሥርዓት ይህ ክልል የተርሚናል መቆጣጠሪያ ምልክቶች ቦታ ስለሆነ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፣ ቦታው ግን ስህተት ነው፤ ማጣሪያው የሚሠራው ባይቶቹ ወደ ፊደል ከመፈታታቸው በፊት ነውና። የፈረንሳይኛው ባለጭረት ትንሹ ኢ 195 እና 169 ስለሆነ ሳይነካ ያልፋል። የግእዝ ፊደል ግን ሁለተኛ ባይቱ ሁልጊዜ የተከለከለው ክልል ውስጥ ስለሆነ አንድም ፊደል አይተርፍም። ስህተቱ ለዓመታት ሳይታይ የኖረው ለዚህ ነው፤ የሞከሩት ሰዎች ቋንቋ አልነካውም።

ማጣሪያውን ጭራሽ ያጠፉ ተጠቃሚዎች ነበሩ፤ የመስመሮቹ መደራረብ የመጣው ከዚያ ነው። አራት ነጥብ 225፣ 141፣ 162 ነው። በዩቲኤፍ-8 ባልተዋቀረ ተርሚናል ላይ 141 «ጠቋሚውን አንድ መስመር ወደ ላይ መልስ» የሚል ትእዛዝ ነው። ዓረፍተ ነገር ባለቀ ቁጥር ጠቋሚው ወደ ላይ ይዘልና ቀጣዩ ጽሑፍ በቀደመው ላይ ይጻፋል። ሁለት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ የፈ እና የፀ ዘሮችም እንዲሁ 141ን ይይዛሉ።

አዲሱ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ባይቶቹ ይፈታሉ፤ የተበላሸ ቅደም ተከተል ካለ በመተኪያ ምልክት ይተካል፤ ከዚያ በኋላ ነው በፊደል ቁጥሩ ከ128 እስከ 159 ያለው የሚጣለው። በጸሐፊ ስም ራስጌ ውስጥ የጽሑፍን አቅጣጫ የሚገለብጡ የማይታዩ ምልክቶችም አብረው ይጣላሉ፤ የሌላ ሰው ስም ለማስመሰል ይውላሉ።

ቀጥሎ የመስመር መቁረጫው ተስተካከለ። ስክሪኑ 80 ዓምድ ቢሆን ኮዱ በ80ኛው ባይት ይቆርጣል፤ አማርኛ ከሆነ 26 ፊደል ታይቶ 27ኛው ለሁለት ይሰነጠቃል። አሁን የሚቆጠረው ዓምድ ነው። በዩኒኮድ ሠንጠረዥ የግእዝ ፊደል አንድ ዓምድ ነው፤ ፊደል ላይ የሚጫነው የማጥበቂያ ምልክት ዜሮ ነው። ብዙ ፎንቶች ግን ፊደሉን ከአንድ ዓምድ ሰፋ አድርገው ስለሚስሉት ጎኑ ሊቆረጥ ይችላል። ይህን ፕሮግራሙ ሊፈታው አይገባም። እያንዳንዱን ፊደል ሁለት ዓምድ ነው ብሎ የሚገምት ማስተካከያ ቀርቦ ነበር፤ ተርሚናሉና ፕሮግራሙ በጠቋሚው ቦታ ስለማይስማሙ ስክሪኑ ይባስ ተበላሸ፣ ድምፅ አንባቢውም የተሳሳተ ፊደል ያነባል። ተመልሶ ወጣ። ፎንቱ ተርሚናሉ ላይ ይቀየር።

ጥቅምት 21፦ የርእስ ራስጌ

በራስጌ ውስጥ ከአስኪ (ከመሠረታዊው የላቲን ፊደል ስብስብ) ውጭ ያለ ጽሑፍ የሚላከው በአርኤፍሲ 2047 መንገድ፣ በተመሰጠሩ ሳይሆን በተኮደዱ ቃላት ነው፤ አንድ የተኮደደ ቃል ከ75 ምልክት አይበልጥም፣ እሱን የያዘው መስመርም ከ76። የቃሉ መክፈቻና መዝጊያ ለዩቲኤፍ-8 12 ምልክት ይወስዳሉ። 63 ይቀራል፤ ቤዝ64 (ሦስት ባይትን በአራት ምልክት የሚጽፍ ኮድ) በአራት በአራት ስለሚሄድ 60፤ ይህም 45 ባይት ነው፣ ማለትም 15 የግእዝ ፊደል። የመጀመሪያው መስመር ላይ «ሰብጀክት» የሚለው ስም ከነሁለት ነጥቡና ከነክፍተቱ ዘጠኝ ስለሚበላ 39 ባይት፣ 13 ፊደል ብቻ ይገባል። ሌላኛው የኮደዳ ዓይነት ለእያንዳንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ስለሚፈጅ በአንድ ቃል ሰባት ፊደል ብቻ ይይዛል፤ ለአማርኛ ቤዝ64 ይሻላል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። 45 ለሦስት ይካፈላልና በደፈናው በየ45 ባይቱ መቁረጥ የሚሠራ ይመስላል። በርእሱ ውስጥ አንድ ክፍተት ሲገባ ግን ክፍተት አንድ ባይት ስለሆነ ድንበሩ ይዛባና ፊደል ይሰነጠቃል፤ ደረጃው ደግሞ አንድን ፊደል በሁለት የተኮደደ ቃል መክፈልን ይከለክላል። 14 ፊደልና ሁለት ክፍተት 44 ባይት ነው፤ ቀጣዩ ፊደል ከተጨመረ 47 ስለሚሆን እዚያው መቆም አለበት። ሁለተኛው ወጥመድ፣ በሁለት የተኮደዱ ቃላት መካከል ያለ ክፍተት ሲፈታ ይጣላል። አሮጌው ኮድ የርእሱን እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ ይኮድድ ነበር፤ ስለዚህ «ሰላም ለሁሉ» የተባለው በሌላ ሰው ማንበቢያ ላይ «ሰላምለሁሉ» ሆኖ ይደርሳል። ክፍተቱ በተኮደደው ቃል ውስጥ መግባት አለበት።

የጽሑፉ አካል ግን አይኮደድም፤ እንዳለ በስምንት ቢት ይላካል፣ የፊደል ዓይነቱ ዩቲኤፍ-8 መሆኑ በራስጌ ይገለጻል። የመስመር ጣሪያው 998 ባይት ነው፤ በግእዝ ፊደል 332 ገደማ። በ72 ዓምድ የሚጠቀለል የአማርኛ መስመር እስከ 216 ባይት ይደርሳል፤ ኮዱ ግን ለጥቅልሉ የያዘው ቋት 128 ባይት ነበር። ወደ 1024 ከፍ ብሏል፣ የወሰን ማጣሪያም ተጨምሮበታል።

ጥቅምት 23፦ ነጥብ ብቻዋን

ማንበቢያውና ሰርቨሩ በሚነጋገሩበት ደንብ በኤንኤንቲፒ አንድ ጽሑፍ የሚያልቀው ነጥብ ብቻ ባለበት መስመር ነው፤ በነጥብ የሚጀምር እውነተኛ መስመር ደግሞ ተጨማሪ ነጥብ ከፊቱ ይደረግለታል። ኮዱ በ512 ባይት ቋት ያነባል፤ ከዚያ የሚረዝም መስመር ሲመጣ በቁራሽ ይደርሰዋል። ቁራሹ የላቲኑን ነጥብ ብቻ ይዞ ከመጣ ጽሑፉ አለቀ ብሎ ያቆማል። የቀረው ጽሑፍ ለቀጣዩ ትእዛዝ የተሰጠ መልስ መስሎ ይነበብና ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ጋር ሳይግባባ ይቀራል። የነጥቡ ምርመራ አሁን የሚደረገው መስመሩ ሲጀምር ብቻ ነው፤ ቁራሹ የመስመር መጀመሪያ መሆን አለመሆኑን የሚይዝ አንድ ምልክት በቃው።

ጥቅምት 25፦ ኒውስአርሲና ሰርቨር መቀየር

የኒውስአርሲ ፋይል በአንድ መስመር አንድ ቡድን ይይዛል፤ ከስሙ በኋላ ሁለት ነጥብ ካለ ተጠቃሚው ተመዝግቧል፣ ቃለ አጋኖ ካለ አልተመዘገበም፤ ከዚያ የተነበቡት ቁጥሮች እንደ «1-1254,1260» ይከተላሉ። ኮዱ ፋይሉን ባዶ አድርጎ ከላይ እንደገና ይጽፈው ነበር፤ መብራት በመካከል ከጠፋ የዓመታት ምልክት አብሮ ይጠፋል። አሁን እዚያው ማኅደር ውስጥ ጊዜያዊ ፋይል ይጻፋል፣ ወደ ዲስክ መድረሱ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ስሙ ይቀየራል። ፋይሉ ወደ ሌላ ቦታ የሚያመለክት ሊንክ ከሆነ መጀመሪያ እውነተኛው ቦታ ይፈለጋል፤ ያለዚያ ስም መቀየሩ ሊንኩን ይደመስሰዋል።

ሰርቨር ለሚቀይሩ፦ የጽሑፍ ቁጥር የየሰርቨሩ ነው። በአንዱ 1254 የሆነው በሌላው ሌላ ጽሑፍ ነው፤ አሮጌውን ፋይል ገልብጦ መጠቀም ያልተነበበውን የተነበበ ያስመስላል። የማይለወጠው የጽሑፉ መለያ ብቻ ነው። ለዚህ አንድ አጭር መሣሪያ ተጻፈ። ከአሮጌው ሰርቨር በኦቨር ዝርዝሩን ያመጣል፣ የተነበቡትን መለያዎች ይይዛል፣ ከአዲሱ ሰርቨር ዝርዝር ጋር ያዛምድና አዲስ ኒውስአርሲ ይጽፋል። አሮጌው ሰርቨር ከመዘጋቱ በፊት መሠራት አለበት።

ጥቅምት 28፦ የማያስፈልጉ ማጣሪያዎች

ጉግል ግሩፕስ ከዩዝኔት ጋር ያለውን ግንኙነት ፌብሩወሪ 22 ቀን 2024 አቋርጧል። ብዙ ተጠቃሚዎች ከዚያ ለሚመጣው ቆሻሻ የጻፏቸው የማጣሪያ ደንቦች ዛሬ ለአዲስ ጽሑፍ ሥራ የላቸውም፤ ግን እያንዳንዱ ጽሑፍ በሁሉም ደንብ ውስጥ ስለሚያልፍ ቡድን መክፈትን ያዘገያሉ። በኦቨር ዝርዝር ውስጥ የሌለ ራስጌን የሚጠይቁት ይከፋሉ፤ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ተጨማሪ ጥያቄ ወደ ሰርቨሩ ያስልካሉ። ፕሮግራሙ ደንብን በራሱ አይሰርዝም። የትኛው ደንብ ስንት ጊዜ እንደሠራ የሚያሳይ ቆጠራ ተጨመረ፤ መሰረዙ የባለቤቱ ነው።

ኅዳር 1፦ ቀን

ባለ32 ቢት ላፕቶፕ ላይ የሰዓቱ ቆጣሪ ጃንዩወሪ 19 ቀን 2038 ይሞላል። የሊነክስ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ ጂሊብሲ 2.34 ወይም ከዚያ በላይ ባለበት ሲስተም ሁለት የግንባታ አማራጮች፣ የጊዜና የፋይል መጠን 64 ቢት እንዲሆን የሚጠይቁት፣ አብረው ተጨምረዋል። የጊዜው አማራጭ ያለ ፋይል መጠኑ አይሠራም። የወደፊት ቀን ይዞ የሚመጣ ጽሑፍ ደግሞ ዝርዝሩን ሁልጊዜ ይመራ ነበር፤ አሁን ለመደርደር ከዛሬ እንዳያልፍ ተገድቧል፣ የሚታየው ቀን ግን ጸሐፊው እንደጻፈው ነው።

ኅዳር 3፦ ፍለጋ

አማርኛ በኮምፒውተር ዓለም አቀፍ የፊደል ደረጃ ሳያገኝ በፊት በላቲን ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ለዚህ በ1990ዎቹ የተዘጋጀው ሥርዓት ሴራ ይባላል። በሴራ የላቲኑ ትልቅና ትንሽ ፊደል የተለያየ ድምፅ አላቸው፦ ትንሹ ቲ ት ነው፣ ትልቁ ቲ ጥ ነው፤ ትንሹ ኤስ ስ፣ ትልቁ ጽ። ማንበቢያው ከመፈለጉ በፊት ሁሉን ወደ ትንሽ ፊደል ይቀይራል፤ ስለዚህ በተቀመጡ የድሮ ጽሑፎች ውስጥ ጥና ት፣ ጽና ስ አንድ ይሆኑበታል። በነባሩ የፍለጋ ቁልፍ ላይ ሳይነካ፣ ትልቅና ትንሽን የሚለይ ፍለጋ በምርጫ ፋይሉ ውስጥ በአንድ ቃል እንዲበራ ሆነ።

በግእዝ ፊደል ለተጻፈው ደግሞ ተቃራኒው ያስፈልጋል። «ዓለም» ብሎ የሚፈልግ «አለም» ተብሎ የተጻፈውንም ሊያገኝ ይገባል። የዩኒኮድ አቀማመጥ ሥራውን ያቀልለዋል፤ ዘሮቹ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ስለተደረደሩ መቀነስና መደመር ብቻ ነው። ከሐ ዘር 16 ሲቀነስ ሀ ይሆናል፤ ከኀ ዘር 128፤ ከዐ ዘር 48 ተቀንሶ አ፤ ከፀ ዘር 8 ተቀንሶ ጸ፤ በሠ ዘር ላይ 16 ተጨምሮ ሰ። የሚሠራው በሰባቱ መደበኛ ሆሄያት ላይ ብቻ ነው፤ ስምንተኛው ቦታ በየዘሩ የተለያየ ነገር ይዟል ወይም ባዶ ነው። ከዚያ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይመለሳሉ፤ «ዓለም» ከ«አለም» ጋር የሚገናኘው በዚህ ሁለተኛ እርምጃ ነው። ይህ ሁሉ የሚደረገው ለማወዳደር በተያዘ ቅጂ ላይ ነው፤ ጽሑፉ ራሱ አይነካም።

ይህ ፍለጋ ካልተጠየቀ አይበራም። በትግርኛ ሀና ሐ፣ አና ዐ የተለያዩ ድምፆች ናቸው፤ እነሱን ማዋሃድ ለትግርኛ አንባቢ ስህተት መፍጠር ነው። ለትግርኛ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ ብቻ የሚመልስ ሌላ ምርጫ ተዘጋጅቷል።

ኅዳር 6፦ ለሙከራ

እትሙ በፒሲ፣ በባለ32 ቢት ላፕቶፕና በራስበሪ ፓይ ላይ ተገንብቶ ለሙከራ ተሰጠ። አሮጌው እትም በሌላ ስም ጎኑ ይቀመጣል፤ ኒውስአርሲው ስላልተለወጠ ወደ ኋላ መመለስ ፋይል መገልበጥ አይጠይቅም። የይለፍ ቃል የያዘው የማዋቀሪያ ፋይል ባለቤቱ ብቻ እንዲያነበው ፈቃዱ 600 ካልሆነ ፕሮግራሙ ሲነሳ ያስታውቃል።

ያልተዘጉ፦ ድምፅ አንባቢው ላይ የሁኔታ መስመሩ በየሰከንዱ ስለሚታደስ ንባቡን ያቋርጣል፤ ለውጥ ሲኖር ብቻ እንዲታደስ ይደረጋል። የሲ17 አማራጩ ገና ሜክፋይሉ ውስጥ ነው። ሁለት ሄደር ፋይሎች ይቀራሉ።